ጎሚኒ የማይበላ ቅባት

የሰውየውን እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና የጡረታ ቢሮው ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ግራሶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በከተማ አውቶቡሶች ጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ፣ ከራሱ በላይ የቆመ የአውቶቡስ ሆድ በግራሶ ሲቀባ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው? አውቶቡስ ከላይ ለሚያየው ቀለምና መስኮት ነው። ከታች ለሚያየው ግን መገጣጠሚያ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ደግሞ በየጊዜው ግራሶ የሚጠጣባት ትንሽ አፍ አለችው። እነዚያን አፎች ማብላት የጋሽ ግራሶ ሥራ ነበር፤ አንዷም ጾሟን አድራ አታውቅም።

ከዚያ ጉድጓድ አንድ እምነት ይዞ ወጣ። የሚንጫጫ ብረት ርቦት ነው ይላል። ጋራዡ ውስጥ ይህ እምነት ማንንም አልጎዳም። ቤቱ ይዞት ሲገባ ነው ነገሩ መረን የለቀቀው። የበር ማጠፊያ ቀባ፣ ይሁን። የጃንጥላ ዘንግ ሲቀባ ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚስቱ ትከሻ በቢጫ ነጠብጣብ ይዥጎረጎር ጀመር። የቦርሳ ዚፕ፣ የመነጽር ማጠፊያ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ ምኑ ቅጡ። የግድግዳውን ሰዓት «ድምፁ አላማረኝም» ብሎ አንድ ቀን ቀባውና ሰዓቱ እስከ ዛሬ ድምፁን አላሰማም።

ሚስቱን ያገኛትም በዚሁ ጠባዩ ነው። እሷ ያኔ የሾፌሮቹን ዩኒፎርም የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት ክፍሏም ከጉድጓዱ ብዙ አይርቅም። የስፌት መኪናዋ ሲንጫጫ ሰምቶ አንጀቱ አልችል አለና ምሳ ሰዓት ላይ ማንንም ሳይጠይቅ ገብቶ ቀባላት። ከሰዓት በኋላ መኪናው ላይ የወጣው የመጀመሪያው ልብስ ለጓደኛዋ በድብቅ የምትሰፋው ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ሆነ። በግራሶ የጨቀየውን ቀሚስ እንዳንጠለጠለች መጥታ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆና ራሱ ላይ ጮኸችበት። እሱ ደግሞ ቀና ብሎ እያያት፣ የዚህች ሴት ድምፅ ምንም ቅባት አያስፈልገውም ብሎ አሰበ። ያሰበውን ሲነግራት ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ።

ጡረታ በወጣበት ዕለት የሥራ ባልደረቦቹ አጨበጨቡለትና አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ግራሶ ሸለሙት። ሌላው ሰው ቢሆን ሰደቡኝ ብሎ ይቀየም ነበር። ጋሽ ግራሶ ግን ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ ቆርቆሮውን አቅፎ ቤቱ ገባና አልጋው ሥር አስቀመጠው።

ብዙም ሳይቆይ ባልና ሚስት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። አንድ ልጃቸው ናት። ምድር ቤቱ የብስክሌት መጠገኛዋ ነው፤ ከላይ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማዕድ ቤት አለች። ሰፈሩ አስፋልቱ አልቆ ጫካው የሚጀምርበት ዳገት ሥር ስለሆነ፣ ደንበኞቿ አብዛኞቹ የተራራ ብስክሌት የሚነዱ፣ ጭቃ የማይጠየፉ፣ ጉልበታቸው ከዓመት ዓመት በፋሻ የሚታሰር ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ቅልጥፍናዋ የአባቷ ነው። ቁጣዋ ግን የማንም አይደለም፤ እናቷ ስትናደድ ትጮሃለች፣ እሷ ስትናደድ ዝም ትላለች።

«አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሠርተሃል። አሁን እረፍ» አለችው ገና በገባ በማግስቱ።

ከፍቅር ነው ያለችው። ለጋሽ ግራሶ ጆሮ ግን «እረፍ» ማለት «ነፍስ ይማር» ከማለት ብዙም አይርቅም። ላይ ቤት ቁጭ ሲል እግሩ ይደነዝዛል፤ ታች ወርዶ ሲቆም ደግሞ መንገድ ይዘጋል። ልጁ ስታዝንለት ጎማ እንዲነፋ ትሰጠዋለች። ጎማ ይነፋል። ጎማ ነፍቶ ሲጨርስ ዓይኑ መስኮቱ ሥር ወዳለችው ጠረጴዛ ይሄዳል።

ጠረጴዛዋ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ጥሩ ሞርሳ የተገጠመላት፣ የቀን ብርሃን በደንብ የሚያገኛት፣ ሰው የሌላት ጠረጴዛ ናት። የልጁ የሥራ ባልደረባ ሌላ ሰፈር የራሱን ቤት ከፍቶ ከሄደ ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም። ፎርኬላ የሚሠራው እሱ ነበር። ፎርኬላ የፊተኛውን ጎማ ግራና ቀኝ አቅፈው የሚይዙት የሁለቱ እግሮች ስም ነው፤ በተራራ ብስክሌት ላይ እያንዳንዱ እግር ቱቦ ውስጥ የሚገባ ቱቦ ነው፣ ድንጋይ ሲገጥመው ገባ ወጣ እያለ የነጂውን ክንድ ከመሰበር ያድናል። ሰውየው ከሄደ በኋላ የፎርኬላ ሥራ ማዕዘኑ ላይ ተቆለለ። ጋሽ ግራሶ ያችን ጠረጴዛ ፈለጋት። በሕይወቱ ከዚያች ቀሚስ ካንጠለጠለች ሴት ወዲህ እንዲህ አጥብቆ የፈለገው ነገር አልነበረም።

መርዶውን ያመጣችለት ሚስቱ ናት። «ልጅህ ሰው ልትቀጥር ነው» አለችው፣ ሽንኩርት እየላጠች።

«ለምኑ?»

«ለፎርኬላው። መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ። ወሩ ሲገባ ይመጣል አሉ፣ ረጅም ሰውዬ ነው።»

«እኔስ?»

«አንተ ደግሞ ስለ ፎርኬላ ምን ታውቃለህ?»

«ብረት አይደል እንዴ?» አለ ጋሽ ግራሶ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው።

ዕድሉን ያገኘው ልጁ ዕቃ ልትገዛ ወጣ ባለችበት ቀን ነው። ሁለት ቤት አልፎ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ሰውየው ድልብ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዱቄት ለብሶ ይውላል፣ እሁድ ሲመጣ ያንን ሁሉ አካል ብስክሌት ላይ ጭኖ ተራራውን ቁልቁል ይወርዳል።

«ጋሽ ግራሶ፣ ይሄ ፎርኬላ ይንጫጫል፤ ደግሞም ደርቆብኛል። ልጅዎ የለችም?»

ጋሽ ግራሶ መሪውን ይዞ ወደ ታች ገፋው። ቱቦው እየተነጫነጨ ገባ። ጋሽ ግራሶ ፊት ላይ የነበረው ደስታ ያኔ መታየት ነበረበት።

«ርቦት ነው» አለ።

ከዚያ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ሁለት ሁለቱን ወጥቶ የአልጋ ሥር ቆርቆሮውን ይዞ ወረደ። በቱቦው አፍ ላይ አቧራ እንዳይገባ የምትጠብቅ፣ ከጎማ የተሠራች የጎሚኒ ቀለበት አለች፤ እሷን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብሎ ቀና አደረጋት፣ ውስጧን በቤንዚን አጠበ፣ ከሥሯ ያገኛትን የስፖንጅ ቀለበትም አብሮ አጠበ፣ በመጨረሻም ያንን የአውቶቡስ ግራሶ በጣቱ እየዛቀ ጠቀጠቀው። ሲጨርስ ፎርኬላው ያለ ድምፅ ገባ፣ ያለ ድምፅ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው እጅዎ ይባረክ ብሎ እየዘፈነ ሄደ። ጋሽ ግራሶ የዚያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ዋለ፤ ነገሩንም ለሚስቱ ደጋግሞ ነገራት።

ዳቦ ጋጋሪው ተመልሶ ሲመጣ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ነበር። ግንባሩና ጉንጩ ድመት የቧጨረው ይመስላል። ፎርኬላው ግማሽ መንገድ ላይ ገብቶ አልወጣም ብሎ ቀርቶ፣ ሰውየውን እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ አሽቀንጥሮት ነው። እሱ ይስቃል። ጭቃው ለስላሳ ነበር፣ ቁጥቋጦውም ከእሱ ይልቅ ተጎድቷል እያለ ያወራል። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ፎርኬላውን ሞርሳው ላይ አስራ ከፈተችው።

የጎሚኒዋ ቀለበት ከቦታዋ ፈንገጥ ብላ ወጣች። አብጣለች፣ ለስልሳለች፤ በጣት ሲይዟት ትለመጣለች።

«ውይ፣ ሊጥ ሆናለች» አለ ዳቦ ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ እያየ። «ኩፍ ብላለች እኮ።»

«ማን ነው የነካው?» አለች ልጅቷ።

ዳቦ ጋጋሪው ጨዋ ሰው ስለሆነ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጋሽ ግራሶ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፤ ግን አልተከፈተችም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ልጅቷ ዝም አለች። እጇን ታጠበች፣ ቀስ ብላ አደረቀች፣ ከዚያ አባቷ አጠገብ መጥታ የጎሚኒዋን ቀለበት መዳፉ ላይ አኖረችለት። «አባዬ፣ ይሄ አውቶቡስ አይደለም። አንተ የምትቀባው ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግበትን ነው። እዚህ ግን መሃል ላይ ጎሚኒ አለ። ቤንዚን ይጠጣና ያብጣል። ስፖንጇ ደግሞ ቀጭን ዘይት ይዛ ቱቦውን እንድታረጥብ ነው የተቀመጠችው፤ በግራሶ ስትታፈን ቱቦው ይደርቃል። ግራሶው ላይ አሸዋ ሲለጠፍበት የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ካሁን በኋላ እኔ ሳልኖር የሰው ብስክሌት እንዳትነካ። እሺ?»

በቁጣ ብትናገረው ይሻለው ነበር። በልስላሴ ስለተናገረችው ቅስሙ ተሰበረ። ላይ ቤት ወጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ቀለበቷን እያገላበጠ ሲያያት ቆየ። አንድ ሰው ሊሞት ይችል ነበር፤ ያም በእሱ እጅ። ስለ ጠረጴዛዋ ማሰብ እንኳን አፈረ።

ሚስቱ ገብታ አየችው። «አኮረፍክ እንዴ?»

«አላኮረፍኩም። የቱ ቅባት ነው ታዲያ ጎሚኒዋን የማይበላት?»

«ልጅህን ጠይቃት።»

ጠየቃት። ልጅቷ ሥራ ላይ ስለነበረች ሳትዞር ነው የመለሰችው፤ ቆርቆሮው ላይ ለፎርኬላ የተሠራ ነው የሚለውን አነባለሁ፣ እሱን እገዛለሁ አለችው። ልክ ናት። ጋሽ ግራሶ ግን ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው፤ በርሜል ላይ የተጻፈና በርሜል ውስጥ ያለ ነገር ሁልጊዜ ወንድማማቾች እንዳልሆኑ ያውቃል። ያኔ ጋራዡ ውስጥ የፍሬን ክፍል ሰዎች አዲስ ዘይት በመጣ ቁጥር ከአሮጌ ፍሬን የወጣች ጎሚኒ ቆርጠው ይነክሩበትና ለቀናት ይተዉአት ነበር። እሱ ከጉድጓዱ ሆኖ «ሾርባ ሠሪዎች» እያለ ይስቅባቸው ነበር። አሁን የመሳቅ ተራው የእነሱ ነው ብሎ አሰበና ተነሣ።

ከልጁ የቆሻሻ ባልዲ ያረጁ የጎሚኒ ቀለበቶችን ለቀመ። እያንዳንዷን ለሁለት ቆረጣት፤ ግማሿን ሊነክር፣ ግማሿን ለማመሳከሪያ በደረቁ ሊያስቀምጥ። የቀረው ዕቃ ነበር። ክዳን ያለው ጠርሙስ በቤቱ ሞልቷል፤ ችግሩ ሁሉም ውስጥ የሚስቱ ማርማላታ መኖሩ ነው። ሚስቱ ፍሬው ርካሽ በሆነ ጊዜ ቀቅላ መደርደሪያውን ሞልታው ነበር።

«አንዷንም አትደፋትም» አለች።

«አልደፋም። እንብላው።»

ቁርስ ዳቦ በማርማላታ ሆነ። ምሳም እንደዚያው። እራትም ሌላ ነገር አልመጣም። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ያህል ዳቦ ወዴት እንደሚገባ ግራ ገብቶት ራሱ ይዞ መጣና፣ ነገሩን ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጠርሙሶቹ ቶሎ ባዶ እንዲሆኑ የእሱን ያህል የረዳ ሰው የለም። እሾህ የቧጨረው ጉንጩ እያላመጠ፣ «ጋሽ ግራሶ፣ ለእርስዎ ሳይንስ ሁለት ጊዜ ሰውነቴን ሰጠሁ» አለ።

ጠርሙሶቹ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተሰለፉ። አንዱ ውስጥ ቤንዚን፣ አንዱ ውስጥ ናፍጣ፣ ሌሎቹ ውስጥ ዝገት የሚያላቅቀው የሚነፋ ፈሳሽ፣ የማዕድ ቤት ዘይት፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ቫዝሊን፣ በጣሳ የሚነፋ የሲሊኮን ቅባት፣ ልጁ የምትጠቀምበት የፎርኬላ ዘይትና የፎርኬላ ቅባት ገቡ። የእሱም ግራሶ ገባ፤ ከሁሉም ዳር አስቀመጠው። የቱ የቱ እንደሆነ ሲጠፋበት ሚስቱ መላ አመጣች። የቁልፍ ሳጥኗን ከፍታ በየክዳኑ ላይ ልዩ ልዩ የሸሚዝ ቁልፍ በክር አሰረችለት። ለቤንዚኑ ቀይ፣ ለማዕድ ቤቱ ዘይት ቢጫ፣ ለልጇ የፎርኬላ ቅባት ሰማያዊ፣ ለግራሶው የዚያ የሙሽራ ቀሚስ የሚመስል ነጭ ቁልፍ መረጠች። እሱ አየው፣ እሷም እንዳየ አየችው።

ልጅቷ ጠርሙሶቹን ስታይ ፈገግ አለች። «ጥሩ ነው፣ ጊዜ ማሳለፊያ አገኘህ» አለችው። ጋሽ ግራሶ ነገሩን ዋጥ አደረገው።

ቀን በቀን ክዳን እየከፈተ፣ የራሰችውን ግማሽ ከደረቋ ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ያያል። ናፍጣው ውስጥ ያለችው ሰፋ ብላ ወይዘሮ ሆነች። ዝገት ማላቀቂያው ውስጥ የነበረችው አበጠች፤ አውጥቶ ሲያደርቃት ደግሞ ኩምትር ብላ ስትታጠፍ ተሰነጠቀች። የማዕድ ቤቱ ዘይት ጎሚኒዋን ብዙ አልጎዳትም፤ ብቻ እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ሄደ፣ አቧራ ለመሰብሰብ ጥሩ ነው። ቫዝሊኗ አለሰለሰቻት። የራሱን ጠርሙስ መጨረሻ ላይ ከፈተ። ጥፍሩ ያለ ቢላዋ ጎሚኒዋ ውስጥ ሰተት ብሎ ሲገባ ደጋግሞ ክዳኑን አየ፣ ነጩ ቁልፍ ነው። ግራሶ ለብረት ወንድም እንደሆነ ለጎሚኒ ግን ወንድም እንዳልሆነ ገባው። ማዘኑ አልቀረም፤ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው።

ሲሊኮኑ፣ የፎርኬላ ዘይቱና የልጁ ቅባት ውስጥ ያሉት ግን ከደረቆቹ ጋር መንታ ሆነው ቁጭ አሉ። ልጁ ልክ ናት ማለት ነው። ጋሽ ግራሶ በዚህ ኮራ፣ ትንሽም ቅር አለው፤ ይህን ሁሉ ማርማላታ በልቶ የደረሰበት ነገር ልጁ ቆርቆሮ ላይ ያነበበችው ነው።

በዚህ መሃል የብስክሌት ነጂዎቹ ማኅበር ለእሁድ ትልቅ የቁልቁለት ጉዞ ያዘ። ልጅቷ ከፊት ሆና ልትመራቸው ነው፤ የሁሉም ፎርኬላ በእሷ እጅ ማለፍ አለበት። የቅባቷ ቆርቆሮ ወደ ማለቁ ስለሆነ አዲስ ገዝታ መጣች። ያው ቀለም ነው፣ ያው ሥዕል ነው፣ ያው ጽሑፍ ነው። ጋሽ ግራሶ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። አንድ የሚያውቀው የጋራዥ ሽታ አፍንጫውን ነካው። ግን አፍንጫውን ማን ያምነዋል? ዳቦ ጋጋሪውን እሾህ ውስጥ የከተተው ይኸው አፍንጫ ነው። በሻይ ማንኪያ ጫፍ ቆንጥሮ ወሰደና ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከግማሽ ጎሚኒ ጋር ዘጋበት።

ዓርብ ጠዋት ክዳኑን ሲከፍት ደረቋን ግማሽ ከራሰችው ጋር ገጠማት። አልገጠመችም። እንደገና ገጠማት። የራሰችው ወፍራለች።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ነጣ» አለች ሚስቱ።

«አዲሱ ቅባት ይበላል።»

«ታዲያ ሂድና ንገራታ።»

ጋሽ ግራሶ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ምን ብላ ታምነኛለች? እኔ ግራሶ የጠቀጠቅኩ ሰውዬ ነኝ። ጠረጴዛዋን ፈልጎ ነው የምትል ከሆነስ?»

ሚስቱ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ካልሆነ ያን ሁሉ ማርማላታ ያስበላኸኝ ለምንድን ነው?»

ጠርሙሷን ይዞ ወረደ።

ልጅቷ መስኮቱ ሥር ቆማለች። የዳቦ ጋጋሪው ፎርኬላ ሞርሳው ላይ ታስሯል፤ አዲሷ ጎሚኒ ቦታዋ ላይ ናት፤ የልጅቷ ጣት ጫፍ ላይ ከአዲሱ ቆርቆሮ የወጣ ቅባት አለ።

«ልጄ፣ እጅሽን አንሺ።»

«አባዬ፣ ምን ነበር የተነጋገርነው?»

«አልነካሁም። ምንም አልነካሁም። አንቺም አትንኪው።» ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የራሰችውን ግማሽ በጨርቅ ጠርጎ ደረቋ አጠገብ አስተኛት። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ልጅቷ አየች። ዝም አለች። ጋሽ ግራሶ ያንን ዝምታ ያውቀዋል። ጣቷን ጠረገች፣ አሮጌውን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አውርዳ ከታቹ የቀረውን ቅባት ከአዲሱ ጋር ብርሃን ላይ አስተያየች። ቀለማቸው አንድ ይመስላል። በጣቶቿ መሃል አሸችው። ግማሾቹን እንደገና አንስታ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥማ፣ ጥፍሯን የራሰችው ላይ ተጫነች።

«ከአሮጌው ቅባት የነከርከውስ የት ነው?»

«ላይ። ሰማያዊ ቁልፍ ያለው ነው። ምንም አልሆነችም።»

«ከአዲሱ መቼ ወሰድክ?»

«ሳትኖሪ» አለ ጋሽ ግራሶ። «በሻይ ማንኪያ። ማንኪያውን አጥቤዋለሁ።»

ልጅቷ ፊቷን በክንዷ ሸፈነችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ግራሶ አለቀሰች ብሎ ደነገጠ። እየሳቀች ነበር። ሳቋ ሲያበቃ ግን ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። «የራሴን ትናንት ሠርቼ ጨርሻለሁ» አለች። «በዚሁ ቅባት። እሁድ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ማዕዘኑ ላይ የቆመውን ብስክሌቷን አዩት። ጋሽ ግራሶ ያገኘው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ቁጭ አትበል፣ የፎርኬላውን አንዱን እግር ያዝልኝ» አለችው።

ያዘላት። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ጠረጴዛ አልራቁም። የተቀባውን ቅባት ጠርገው አወጡ፤ ጎሚኒዎቹን ቀየሩ፤ የስፖንጅ ቀለበቶቹን በፎርኬላ ዘይት አራሱ። ከአሮጌው ቆርቆሮ የቀረችውን ቅባት ለማብቃቃት ጋሽ ግራሶ በትንሿ ጣቱ ጫፍ ስስ አድርጎ ያለብሳት ነበር፤ ልጁ ከጎን እያየች የምትነግረው ነገር ስታጣ ወደ ራሷ ሥራ ዞረች። የቱቦውን ገጽ ለማጥራት ሲሊኮኑን ልትነፋ ስትል ግን እጇን ያዘ። ፊተኛው ጎማ ላይ የፍሬኑን ዲስክ አሳያት፤ ነፋስ ወስዶ እዚያ ላይ ካሳረፈው ፎርኬላው ለስልሶ ፍሬኑ እምቢ ይላል። ጨርቁ ላይ ነፍታ፣ በጨርቁ ጠረገች። ስትጠርግ ፈገግ ብላ ነበር።

ቆርቆሮውን ለሸጠላት ሰው መለሰችለት። እሱም ደንግጦ፣ እኔም የገዛሁት ከሌላ ሰው ነው ብሎ የቀሩትን ከመደርደሪያው አወረዳቸው።

እሁድ ማኅበሩ ተራራውን ወርዶ ማታ በጭቃ ተለውሶ ተመለሰ። ጋሽ ግራሶ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ሲንጎራደድ ነበር የዋለው። ዳቦ ጋጋሪው ከሩቅ ራስ ቁሩን አውልቆ ጉንጩን በጣቱ እያሳየ መጣ። «ይዩት እስቲ ጋሽ ግራሶ፣ አንድ ጭረት አለበት?» ልጁ ከኋላ መጣች፤ ከብስክሌቱ ወርዳ የአባቷን ትከሻ ጨበጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ጠረጴዛዋን በተመለከተ የተባለ ነገር የለም። እሱም አልጠየቀም። ሁሉም በደህና ወርዷል፤ ለእሱ ይህ በቂ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ትንሽ ዋሸ።

ወሩ ገባ። ረጅሙ ሰውዬ እንደተባለው በጠዋት መጣ። በእርግጥም ረጅም ነው፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጨዋና ትሑት ይመስላል። ጋሽ ግራሶ ጎማ እየነፋ ነበር። ሰላም ተባባሉ። ልጅቷ ውጭ ከደንበኛ ጋር እያወራች ስለነበረ፣ ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ፣ መስኮቱ ሥር ያለችውን ባዶ ጠረጴዛ አየ፣ ሄዶ መሣሪያ የያዘ ቦርሳውን አኖረባትና ተቀመጠ። ሞርሳውን አንድ ጊዜ አዙሮ ሞከረው፤ ጥሩ ሞርሳ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። ጋሽ ግራሶ ጭንቅላቱን ደፍቶ መንፋቱን ቀጠለ። ጎማው ከሚበቃው በላይ ተነፍቶ ነበር።

ልጅቷ ገባች። ሰውየውን ሰላም አለችው፣ እንኳን ደህና መጣህ አለችው፣ ከዚያ ቦርሳውን አንስታ በሌላኛው ግድግዳ በኩል ጎማና ፍሬን በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት።

«ይቅርታ፣ ሳልነግርህ ቀርቼ ነው» አለችው። «አንተ እዚህ ከእኔ ጋር ነህ። እዚያ አባቴ ነው የሚሠራው። ፎርኬላ የእሱ ነው።»

ሰውየው ይቅርታ ጋሼ ብሎ ብድግ አለ። ጋሽ ግራሶ መንፊያውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። መጀመሪያ መሬት ላይ አኖረው፣ አነሳው፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፣ ወደቀ። የጠረጴዛዋ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ልጁ ማዕዘኑ ላይ ከተቆለሉት ፎርኬላዎች አንዱን አምጥታ ፊቱ አኖረችለትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀመጠ፤ ፊቱን ማንም እንዲያይበት አልፈለገም። ፎርኬላውን ሞርሳው ላይ አሰረ። ለማሰር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሞከረ።

ፀሐይዋ መሃል ሰማይ ስትደርስ ሚስቱ ከላይ ምሳ ደርሷል፣ ና ውጣ ብላ ተጣራች። ጋሽ ግራሶ ጉሮሮውን ጠራረገና ታች ያለው ሁሉ፣ ውጭ መንገድ ላይ የሚያልፈውም ጭምር እንዲሰማው አድርጎ መለሰላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወደ ታች አውርጂልኝ! ሥራ ላይ ነኝ።»

ከላይ የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ሚስቱ እግር የለህም እንዴ እያለች፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች።